ራስን ስለ መከላከልና ስለ አንቀጽ 541፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ሰው በጥይት ሞቶ ተኳሹ «ነፍሴን ላድን ነው የተኮስኩት» ሲል፣ የጉዳዩ ግማሽ የሚያልቀው ፍርድ ቤት ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ነው። የሚጨርሰውም ዐቃቤ ሕግ በክሱ ላይ የሚጽፈው የአንቀጽ ቁጥር ነው። እኛ በወንጀል ጉዳይ የምንሟገት ጠበቆች የምንጠይቀው መሥሪያ ቤትዎ ሊያወጣው የሚችለውን አንድ የአሠራር መመሪያ ነው። ሕጉ ይቀየር አንልም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት ይላል፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። መጠኑን ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 ቅጣቱን ያቀልለታል። ያለፈው በጥቃቱ ደንግጦ ወይም ፈርቶ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። ወሰኑን አልፎ የገደለ በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ተራ የሰው ግድያን የሚመለከተው አንቀጽ 540 ግን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ይህ ልዩነት መጀመሪያ የሚታየው በዋስትና ላይ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ሰው በሞተበትና 15 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ክስ ዋስትናን ይዘጋል። በ540 የተከሰሰ ሰው የመከላከያ ምስክሮቹን የሚያሰማው የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ፣ በአንቀጽ 142 «ተከላከል» ከተባለ በኋላ ነው። እስከዚያ ታስሮ ይቆያል። በመጨረሻ ወደ 541 የሚወርድለት ሰው ፍርዱን ሲሰማ ቅጣቱን ጨርሶት ሊገኝ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበን የማስረጃ አያያዙ ነው። ቦታው ላይ 7 ቀለህ ተገኘ እንበል። «7 ጊዜ ተኩሷል፤ ስለዚህ ሊገድል አስቦ ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ክላሽ በቀኝ ጎኑ ያለው ማንሻ ወደ ላይ ሲሆን ዝግ ነው፤ አንድ ደረጃ ሲወርድ የሚገባው በተከታታይ መተኮሻው ላይ ነው፤ ነጠላው የመጨረሻው ታች ነው። የደነገጠ እጅ መሃል ላይ ሊያቆመው ይችላል። መሣሪያው በደቂቃ 600 ያህል ጥይት ስለሚተኩስ 7ቱ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞሉም። በዚያች ቅጽበት አጥቂው ሊዞር ስለሚችል፣ ከጀርባ የገባ ጥይት ብቻውን «ሲሸሽ መታው» አያሰኝም። ስለዚህ ምስክር «ስንት ተኩስ ሰማህ?» ከተባለ በኋላ «ተያይዞ ነው ወይስ ቆም እያለ?» ሊባል ይገባል። ቆም ተብሎ የተተኮሰ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ 540 ቦታው ሊሆን ይችላል። የማንሻው ቦታ ደግሞ መሣሪያው ሳይነካ ፎቶ መነሣት አለበት፤ ጥይቱን ለማውጣት ተብሎ ከተነካካ በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

ርቀቱን የሚናገረው የሟች ልብስ ነው። ከቅርብ የተተኮሰ ጥይት ጥላሸትና ያልተቃጠለ ባሩድ ጨርቁ ላይ ይተዋል። አስከሬኑ ታጥቦ ሲገነዝ ልብሱ ከተጣለ፣ ወይም በደም እንደራሰ በፌስታል ታስሮ ከሻገተ፣ አጥቂው ማን እንደነበረ የሚያስረዳው ነገር አብሮ ይጠፋል። ልብሱ በጥላ ደርቆ በወረቀት ይታሸግ። ቀብሩ የሚቸኩል ከሆነ ቢያንስ የአቅራቢያው ጤና ተቋም ሐኪም እያንዳንዱን ቁስል ከጎኑ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ያንሣ።

በገጠር ደግሞ ተኳሹ ከቀዬው ጠፍቶ መሰንበቱ ለጥፋተኝነቱ ምልክት ይደረጋል። የሸሸው ግን ደም መላሽ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ መርማሪ ይህን ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም።

የአሜሪካዋን ግዛት የፍሎሪዳን መንገድ አንጠይቅም። ያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ከመተኮስ በፊት የማፈግፈግ ግዴታን አነሣ፤ በ2017 ደግሞ ከክስ ነፃ ልሁን የሚል ተከሳሽ ሲቀርብ የማስረዳቱን ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ ጣለ። ሟች ተነሥቶ ሊመሰክር በማይችልበት ጉዳይ ይህ ሚዛኑን ወደ ተኳሹ ያዘነብላል። የሟች ልጆችም ፍትሕ ይገባቸዋል። የእኛ አንቀጽ 78 «በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል» የሚለውን መስፈርት መጠበቅ አለበት።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ተጠርጣሪው ራሱን ሲከላከል እንደተኮሰ በቃሉ ካስመዘገበ፣ ዐቃቤ ሕግ በ541 ሳይሆን በ540 የከሰሰበትን ምክንያት፣ ከላይ የጠቀስናቸውን ማስረጃዎች አንድ በአንድ እየጠቀሰ በጽሑፍ መዝገቡ ላይ ያስፍር። ዋስትና ሲጠየቅም ጽሑፉ ለዳኛው ይቅረብ። አብዛኛው የግድያ መዝገብ የሚታየው በክልል ስለሆነ፣ መመሪያው ሲወጣ የክልል ፍትሕ ቢሮዎችም አብረው እንዲቀበሉት ከአሁኑ ይጋበዙ።

ከአክብሮት ጋር
በወንጀል ጉዳይ የምንሟገት ጠበቆች