ለጣና የኤሌክትሪክ ጀልባ የጨረታ ሰነድ ከመውጣቱ በፊት

ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ጉዳዩ፦ በባሕር ዳርና በዘጌ መካከል ሰው የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ ጀልባ ዝርዝር መግለጫን ይመለከታል

ለዚህ መስመር የኤሌክትሪክ ጀልባ ይገዛ ከተባለ፣ የጨረታ ሰነዱ ከአቅራቢ ካታሎግ እንዳይገለበጥ ከወዲሁ ለማሳሰብ እንወዳለን። ካታሎግ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው፤ በባትሪ ለሚሄድ ጀልባ ደግሞ ከፍጥነት የበለጠ ውድ ነገር የለም።

ሒሳቡ ይኸውና። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 100 ሰው የሚጭን፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ) በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 100 ኪሎዋት ገደማ ይበቃዋል። መንገዱን 15 ኪሎ ሜትር ብለን ብንይዝ 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ 83 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መብራትና ፓምፕ ሲጨመር 90 በሉት። ፍጥነቱ 24 ይሁን ከተባለ፣ የሚፈለገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ስለሚያድግ ለመንዳት ብቻ 148 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። 12 ደቂቃ ለማትረፍ 65 ኪሎዋት ሰዓት መክፈል ነው። በሕንድ የኮቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ የጀመሩት ባለ 100 ሰው ጀልባዎች ከ18ም ዝግ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ተሳፋሪም አላጡም።

ቻርጅ የሚደረገው በባሕር ዳር በኩል ብቻ ቢሆን ይሻላል። ደርሶ መልስ 180 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባትሪው ከ90 በመቶ በላይ ሳይሞላ፣ ከ20 በታችም ሳይወርድ ቢሠራ ዕድሜው ይረዝማል፤ ነፋስ ለሚበረታበት ቀንም ስንቅ ይተርፈዋል። ስለዚህ 180 ለ0.7 ይካፈል፤ ከዓመታት በኋላ ባትሪው ከአቅሙ 20 በመቶ ስለሚያጣ ውጤቱ እንደገና ለ0.8 ይካፈል። 320 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ ክብደቱ ወደ 3 ቶን። «200 ይበቃል» የሚል አቅራቢ የሚያወራው ስለ ርክክቡ ቀን ነው።

በደርሶ መልስ የወጣውን 180 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ሰዓት መልሶ ለመሙላት፣ የሚባክነው ተደምሮ፣ ከመስመሩ 200 ኪሎዋት ያህል ይሳባል። ባለ 315 ኪሎቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ይችለዋል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጀልባው ቆሞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው «አምፔር» የተባለው በባትሪ የሚሄድ የኖርዌይ የማመላለሻ መርከብ የአካባቢው መስመር ደካማ ስለነበር በሁለቱም ዳርቻ መሬት ላይ ባትሪ ተተክሎለት ነበር፤ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ጀልባው ሲደርስ በፍጥነት ይሰጣል። እኛ ዘንድም መፍትሔው ይኸው ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑም በሰነዱ ይጻፍ። ብዙ ሞተርና ትራንስፎርመር የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አይቀዘቅዝም።

መድረሻውም ቢሆን ቋሚ ኮንክሪት አይሁን። ሐይቁ ከክረምት ማብቂያ እስከ ግንቦት ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ለክፉ ዓመት 2 ሜትር ይታሰብ። በተንሳፋፊ መድረክና በድልድይ ይሠራ ከተባለ፣ አካል ጉዳተኛ በዊልቸር እንዲወርድበት 1 ለ12 ተዳፋት ይፈልጋል፤ ድልድዩ 24 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የቻርጅ ገመዱም ከመድረኩ ጋር መውጣትና መውረድ አለበት።

እምቦጭን በካታሎግ አታገኙትም። ሥሩ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ የሚስበው ከረንት ይጨምራል፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው መሣሪያ) ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጠፋል፤ ያውም ከዳርቻው ጥግ፣ ሰው ሊወርድ ሲል። ስለዚህ ዘንጉ ላይ የሚቆርጥ ስለት፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ጠላቂ ሳያስፈልግ እጅ የሚያስገባ ክዳን፣ ከረንቱ ሲያሻቅብ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ ደወል ይጠየቅ። የሐይቁን ውኃ ስቦ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ጨርሶ አይፈቀድ፤ ማጣሪያው በአረም ይደፈናል። ውኃ ስቦ በሚረጭ ጄት የሚነዳውም እንዲሁ።

እሳትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 በኖርዌይ ባትሪ የተገጠመለት አንድ የማመላለሻ መርከብ ላይ የደረሰው ይነበብ። ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አፍስሶ ባትሪው ተቃጠለ፤ እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ የተጠራቀመው ጋዝ ፈነዳ። ባትሪው በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይቀመጥ፤ ጋዝ ማውጫው ከተሳፋሪ ርቆ ወደ ላይ ይውጣ፤ ጋዝ ጠቋሚው ዋናው ባትሪ ሲቋረጥም ይሥራ።

ጭነቱ በሰው 75 ኪሎ ብቻ ተብሎ እንዳይሰላ፤ ከዘጌ የሚመጣ ሰው ቡና ይዞ ነው የሚሳፈረው። ጀልባው ድምፅ ስለሌለው ታንኳ ቀዛፊዎች አይሰሙትም፤ ጡሩንባና በዳርቻ አካባቢ የፍጥነት ገደብ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ክፍያ ጀልባው በጣና ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ተፈትኖ ይለቀቅ፤ በኪሎ ሜትር የበላው ኪሎዋት ሰዓት በውሉ ከተጻፈው ከ10 በመቶ በላይ ከበለጠ ርክክብ አይኑር። የባትሪ መቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል በርክክቡ ዕለት ለባለቤቱ ይሰጥ፤ አለዚያ አንዲት ሴንሰር በተበላሸች ቁጥር ባለሙያ ከውጭ ሲጠበቅ ይከረማል። ኤሌክትሮቴክኒክ መኮንኖች የሚያሠለጥን ተቋም እዚያው ባሕር ዳር አለ፤ ተመራቂዎቹ ከፋብሪካው ፍተሻ ጀምረው ይግቡበት።

ከሠላምታ ጋር
በመርከብ ግንባታና በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ የተሠማራን ባለሙያዎች