የደቅ የጀልባ መውረጃችንን ከክረምቱ በፊት እንሥራው

ሰላም የደቅ ልጆች! ባሕር ዳር ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከአገር ውጭም ያላችሁ፣ ይህች መልእክት ለሁላችሁም ናት።

ትልቋ የጣና ጀልባ ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ስንቶቻችን በስልካችን ተከታተልን! ደስ ይላል። የእኛ መንደር መውረጃ ግን ዛሬም የሚያዳልጥ ድንጋይና የበሰበሰ እንጨት ነው። እንደ ደቅ ባለ የጣና ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ማለት መንገድ፣ ገበያ፣ ሐኪም ቤት ማለት ነው። ማንጎው የሚጫነው፣ ጤፉና ዘይቱ የሚወርደው እዚያው ነው። ምጥ የያዛት እናትም በቃሬዛ የምትሳፈረው እዚያው ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ከጀልባ ስትወርድ አዳልጧት ጉልበት የሚያህል ውኃ ውስጥ ተቀመጠች። ሳቀችበት። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የድሮው መውረጃ ለምን እንዳልበረከተ ልንገራችሁ፤ ስህተቱን እንዳንደግመው። ጣና በዓመት ውስጥ 1.5 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ከክረምት በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 የውኃ መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን በሩም ይወስነዋል። የእኛን መውረጃ የሠሩት ውኃው ሞልቶ ሳለ ነበር። ግንቦት ሲደርስ መውረጃው ደረቅ ላይ ቀረ፣ ጀልባው ጭቃ ላይ! ምሰሶዎቹም አንዴ እየራሱ አንዴ እየደረቁ መሐላቸው በሰበሰ። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ያለው ጫፋቸው ግን እስካሁን ደህና ነው።

ስለዚህ አሁን ያሰብነው የድንጋይ ደረጃ ነው። ወደ ውኃው ውስጥ ድረስ ይወርዳል። ውኃው ሲወርድ ሰውም አንድ ደረጃ ወርዶ ይሳፈራል፤ ሲሞላ ላይኛው ላይ ይቆማል። ዳሩ ላይ ያረጁ የመኪና ጎማዎች እንሰቅላለን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባው ከድንጋዩ ጋር እንዳይላተም። (ደንገል ታንኳ ያላቸው አባቶች «እኛ ምን ያደርግልናል?» ብለው ነበር። ለእነሱም በጎን በኩል ዝቅ ያለ ቦታ ይተዋል።)

ድንጋዩ ከደሴቱ ነው። ጉልበቱ በደቦ ነው፤ ጠላውንም እናቶች ይዘውታል። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሸዋ ማጓጓዣና የግንበኛው ደሞዝ ነው። የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ የቻለ ያንን ይስጥ፤ ያልቻለ የግማሹን። ገንዘቡ እስከ ፋሲካ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ መሠረቱ የሚጣለው ውኃው በሸሸበት በግንቦት ብቻ ነውና። ያ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው።

የገባውና የወጣው ገንዘብ በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነበባል። ደረሰኝ የፈለገ ይጠይቅ፤ ማንም አይቀየምም።

ባሕር ዳር ያረጀ ጎማ ያላችሁ ደግሞ፣ ወደ ደቅ የሚመጣው ጀልባ ከመነሣቱ በፊት ለባለሞተሩ ስጡት። ነግረነዋል፣ ያለ ክፍያ ያደርሰዋል።