በሒስ ዓምድ ጉዳይ የተጠራ ስብሰባ

ለተከበራችሁ የግጥም መጽሔታችን አባላት፣

በሚቀጥለው እትም ለአንባብያን ደብዳቤና ለሒስ ስንት ገጽ እንደምንሰጥ ለመወሰን፣ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በተለመደው የንባብ ክፍል እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ለውይይቱ መነሻ የሚሆነን አሜሪካዊቷ ገጣሚና አርታኢ ሃሪየት ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1912 በቺካጎ የመሠረተችው «ፖኤትሪ» መጽሔት ነው። ታላላቅ ገጣሚያን እንዲኖሩ ታላላቅ አንባብያን ያስፈልጋሉ የሚለውን የአሜሪካዊውን ገጣሚ የዋልት ዊትማንን ሐሳብ የመጽሔቷ መሪ ቃል ስታደርገው፣ የመጽሔቱ የውጭ አገር ወኪል የነበረው ገጣሚ ኤዝራ ፓውንድ አጥብቆ ተቃወመ፤ እርሷም የእርሱን ተቃውሞና የራሷን መልስ በ1914 በዚያው መጽሔት ጎን ለጎን አተመች። ይህን ድፍረት እኛም ልንይዘው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ካለፈው እትማችን ያልወደዳችሁትን አንድ ግጥም መርጣችሁ ምክንያቱን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ እንድትመጡ ይሁን፤ የሚመዘነውም የገጣሚው ስም ሳይሆን ስንኙ፣ ምጣኔውና ቤት አመታቱ ነው። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።