ለልጄ፦ ከሰው ስም አጠገብ ስለሚጻፈው

አዲስ አበባ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። በስልክ ልነግርሽ የምችለውን በደብዳቤ የምጽፍልሽ፣ ስንደዋወል አንቺ ከሥራ ወጥተሽ ስለምትቸኩዪ፣ እናትሽም በመካከል ገብታ ስለምታለቅስ፣ ሐሳቤን ዳር አድርሼው ስለማላውቅ ነው።

አክስትሽ ባለፈው እሑድ ደውላ ነበር። እዚያ ሲያትል፣ በሬይኒየር ጎዳና ከሐበሻ ሱቁ በር ላይ የፖለቲካ ክበባችሁ ልጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ሰው በመራጭነት ሲመዘግቡ አይታ፣ አንቺን በመካከላቸው ስታይ ደስ ብሏት ስትቀርብ፣ ባለፈው ዓመት ልጃቸው ዘንድ የመጡት እናት ገና የግሪን ካርድ ባለቤት ሆነው ሳለ፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ወጣት የሰጣቸውን ቅጽ ሊፈርሙ ብዕር ሲያነሱ ደርሳ እጃቸውን እንደያዘች ነገረችኝ። አንቺ በዚያ ሰዓት ከሌላ ሰው ጋር ትነጋገሪ ነበር አሉ። ወጣቱም ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ የእኛ እናቶች መልካም ፊት ያለው ልጅ ወረቀት ሲዘረጋላቸው ላለማሳፈር ብለው እንደሚፈርሙ ከየት ያውቃል? አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረሙም ብቻውን ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ ብዕር ከመስጠታችሁ በፊት «ዜግነት ወስደዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ይጠየቅ፤ ቢቻል ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እንደጨረስሽም ወደ እነዚያ እናት ቤት ሂጂና ቅጹ እንዳልተላከ በአንደበትሽ አረጋግጪላቸው፤ እንቅልፍ አጥተዋል ብላኛለች አክስትሽ።

ከክበቡ ውጪ አልልሽም። እናትሽ እንድልሽ ትፈልጋለች፤ እኔ ግን አልልም። የሠፈር ሰዎች በወር አንድ ምሽት ተሰብስበው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አውቶቡስ መስመር፣ ስለ ደመወዝ ወለል ሲከራከሩና ማንን እንደሚደግፉ እጅ አውጥተው ሲወስኑ፣ በማግስቱም በየበሩ ሄደው ሲያንኳኩ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ከአክስትሽ ባል ተምሬአለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በሲታክ ከተማ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የሰዓት ክፍያ ወለል 15 ዶላር ይሁን የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ፣ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወለል 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። ሻንጣ ጫኙ፣ ዊልቸር ገፊው፣ መኪና አጣቢው አብዛኛው ስደተኛ ነበር፤ ከእኛም ከሶማሌዎችም ብዙ ሰው ነበረበት። 6,000 ገደማ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ድጋፉ ተቃውሞውን የበለጠው በ77 ድምፅ ብቻ ነው። ሰባ ሰባት ሰው ማለት የእኛን ዕድር አባላት ቁጥር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በፊትም ሐሳቡ ለምርጫ እንዳይቀርብ በተደረገው ክርክር፣ ሁለት ጊዜ የፈረሙ ሰዎች ስም ጭራሹን ይሰረዝ ተብሎ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው ያዳነው። አሠሪዎቹ ከምርጫውም በኋላ ስለተከራከሩ፣ በማረፊያው ግቢ ውስጥ ሻንጣ የሚጭነው የአክስትሽ ባል የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 እስኪወስን ድረስ ጠብቋል። ያቺ የደመወዝ ጭማሪ የአክስትሽን ልጅ ኮሌጅ እንዳስገባች አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ከስደተኞች ወላጆች ሱዳን የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ20 ዓመት በላይ ሲያትል ባለችበት በኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት የቆዩትን የተከበሩ ሰው አሸንፎ ሲገባም፣ ሥራው የበር ማንኳኳት ሥራ እንደነበረ ነግረሽኛል። እናም የሠፈርሽ ፕሪሲንክት፣ ማለትም የትንሿ ምርጫ ቀጠና፣ የፓርቲ ተጠሪ ለመሆን መነሣትሽ አኩርቶኛል። ይህን በግልጽ ጽፌልሻለሁ፤ ከዚህ በታች የምለውን የተቃውሞ አድርገሽ እንዳትወስጂብኝ።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከሰው ስም አጠገብ የምትጽፊውን ተጠንቀቂ።

ሳሎን ግድግዳ ላይ ፎቶግራፉን የምታውቂው አጎትሽ እንዴት እንደሞተ አያትሽ ብዙ ጊዜ ነግራሻለች። ስለ ደብተሩ ግን አልነገረችሽም፤ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። ቀጨኔ በነበረው ቤታችን ጓዳ ውስጥ የሚሰበሰበው የጥናት ክበብ መጀመሪያ የሠፈሩን ሸማኔዎች ማንበብና መጻፍ ያስተምር፣ ለየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ይጽፍላቸው ነበር። ፓርቲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎትሽ የክበቡ ጸሐፊ ነበረና ባለ ሰማያዊ ልባስ ደብተር ነበረው። በግራ በኩል የአባሉ ስም፣ በመካከል በየወሩ የሚያዋጣው ብር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሰውየው የሚጠቅምበት ነገር ይጻፍ ነበር፤ አንዱ የጽሕፈት መኪና ያለበት መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ አንዷ ባዶ ክፍል አላት፣ የሌላው አጎት ፖሊስ ነው። እጅ ጽሕፈቱ እንዴት ያምር ነበር! አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ልጆች ከሰሌዳው ላይ እያዩ ይማሩበት ነበር።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳው ሲጀመር አያትሽ የአብዮት ጠባቂዎቹን ድምፅ ከላይኛው ቤት ሰምታ፣ ደብተሩን ቀድዳ ከምጣዱ ሥር እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ ሊጡንም አሰፋችበት። ገብተው አልጋ ገለበጡ፣ የእህል ጎታ ወጉ፣ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። እኛ ዳንን አልን። ነገር ግን መዋጮ የሚሰበስበው ልጅ እንዲይዘው አንድ ቅጠል ከደብተሩ ተገንጥሎ ኖሮ፣ ልጁ ሌላ ሠፈር ውስጥ ሲያዝ ወረቀቱ ከካልሲው ውስጥ ተገኘ። ሳምንት ሳይሞላ በቅጠሉ ላይ ያሉት በሙሉ ከየቤታቸው ተለቀሙ። የጽሕፈት መኪናው፣ ባዶው ክፍል፣ ፖሊሱ አጎት፣ ሁሉም በዚያ በሚያምረው እጅ ጽሕፈት ተዘርዝሮ ስለነበር መርማሪዎቹ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። አጎትሽ ከተወሰደ በኋላ አልተመለሰም።

እኔም እንደ ሌሎቹ በየወሩ አንድ ብር አዋጣ ነበር። እኔን ግን ማንም አልፈለገኝም። ከእስር የተረፈ አንድ የክበቡ ልጅ ደርግ ከወደቀ በኋላ አግኝቶኝ፣ ያንን ቅጠል በምርመራ ላይ ደጋግመው እንዳሳዩትና የእኔ ስም እንዳልነበረበት ነገረኝ። ወንድሜ ብሬን እየተቀበለ ስሜን አልጻፈውም። ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እንደ ልጅ ናቀኝ ብዬ እቀየመው ነበር። ለምን እንዳልጻፈው ልጠይቀው አለመቻሌ ይቆጨኛል፤ ሌሎቹስ ስም ለምን ተጻፈ የሚለውንም እንዲሁ። እነሱም የእናታቸው ልጆች ነበሩ።

አሜሪካ እንደ ቀጨኔ አይደለም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ልክ ነሽ። የመራጩ ስም፣ አድራሻና የተወለደበት ዓመት እዚያ ጠይቆ ለሚወስድ ሁሉ ክፍት መሆኑንም አስረድተሽኛል። ልጄ፣ እኔን የሚያሳስበኝ መንግሥት የጻፈው ዓምድ ሳይሆን እናንተ በየበሩ እየሄዳችሁ በስልካችሁ የምትጨምሩት ነው። በር ከፍቶ ቡና ያፈላልሽ ሰው ብዙ ነገር ይነግርሻል፤ ባሏ ወረቀት እንደሌለው፣ አከራዩ የማያውቃቸው ዘመዶች ቤቱ ውስጥ እንዳሉ፣ ልጇ ታስሮ እንደወጣ። ይህን ላንቺ የሚነግሩሽ የሀገር ልጅ ስለሆንሽ እንጂ ለክበቡ ብለው አይደለም። ይደግፋል ወይም አይደግፍም፣ ቤት አልነበረም፣ በአማርኛ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ይህ ይበቃል። ሌላው በጆሮሽ ይቅር። እንደገና እልሻለሁ፣ ከሰው ስም አጠገብ የምትጽፊውን ተጠንቀቂ፤ ዛሬ በጎ ሰው የጻፈውን ነገ ማን እንደሚያነበው ጻፊው አይመርጥም።

ደግሞም ለብቻሽ በር አታንኳኪ። ክረምታችሁ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስለሚጨልም በቀን ሂጂ፤ ያንን ስስ ጃኬት ትተሽ እናትሽ የገዛችልሽን ካፖርት ልበሺ። የምሽት ተራ ሠርተሽ ባደርሽ ማግስት ስብሰባ አትግቢ፤ የታይሮይድ መድኃኒትሽንም ቁርስ ከመብላትሽ በፊት መዋጥሽን አትርሺ። ሽማግሌዎቹን በፖስታ ድምፅ ሲሰጡ በምትረጂበት ጊዜ ስለ ፊርማቸው ንገሪያቸው፤ በድምፅ መስጫው ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ ሲመዘገቡ ከፈረሙት ጋር ካልተመሳሰለ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እንደሚልክላቸውና ዝም ካሉ ድምፃቸው እንደማይቆጠር አያውቁም። ፖስታውን ግን ራሳቸው ሣጥን ውስጥ ይጨምሩት፤ አንቺ ተሸክመሽ አትሂጂ።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነሥተሽ እንድትጠይቂልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በየበሩ የሚሰበሰበውን ማስታወሻ ስንት ሰው መክፈት ይችላል? ከክበቡ የወጣ ሰው መግቢያው ይዘጋበታል ወይ? ምርጫው ካለቀ በኋላስ ማስታወሻው ይጠፋል ወይስ ይቀመጣል? መልሳቸውን በጽሑፍ ላኪልኝ። መልስ ከሌላቸው፣ እስኪኖራቸው ድረስ አንቺ ያስገባሽውን ደምስሺው፤ ከሰው ስም አጠገብ የተጻፈ ነገር በእጅሽ ወጥቶ እንዳይቀር።

እናትሽ ስማ ስማ ሰላም ትልሻለች። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ