ሀ ሳይለይ ለ የለም

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ዘጌ

አባዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዓይን ጠብታውን ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣልዎ ልጅ ጋር ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ ነው፤ ሐኪሙ እንዳያቋርጡ ብሏል። ደብዳቤውን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ስልክ እያለ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ስንነጋገር ወሬው ወደ ሥራዬ ሲጠጋ እርስዎ ስለ ቡናው ያነሣሉ፣ እኔም ስለ ዝናቡ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል ብዬ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ የምጨፍርበትን ምሽት ቤት ትቻለሁ። አሁን እስክስታ አስተምራለሁ። መጀመሪያ የተከራየሁት ቤት ባለቤት በሁለተኛው ሳምንት «ጭፈራ ቤት አላከራየሁም» ብሎ አስወጣኝ፤ ቀብዱንም አልመለሰልኝም። አሁን ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰፊ ክፍል አግኝቻለሁ። ደጁ ላይ ዘንባባ አለ፤ ወደ ማታ ከጣና የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ይገባል።

ሰባት ዓመት መድረክ ላይ የወጣ ሰው ማስተማር አያቅተውም ብዬ ነበር። ተሳስቼ ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን 12 ሰዎች መጡ። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩና የጎጃሙን ከነዝላዩ አወረድኩላቸው። «እንዲህ ነው» አልኩ። ደገምኩት። ሦስተኛም አሳየኋቸው። እነሱም እንደ እኔ ለመሆን ታገሉ፤ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ደረሰ፣ ክርናቸው ተራገበ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ፊታቸው ቀላ። በማግስቱ የአምስቱ አንገት ተይዞ አደረ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጡት ሰባት ብቻ ናቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ትከሻዬ የሚያውቀውን አፌ አያውቀውም! እስክስታን ማን እንዳስተማረኝ እንኳ አላስታውስም። ሠርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ሳላውቀው ያዝኩት። መጀመሪያውን የማላውቀውን ነገር ለሌላ ሰው ከየት ልጀምርለት?

እንዲህ ሳስብ ፊቴ ድቅን ያሉት እርስዎ ነዎት፣ አባዬ። ቡናው ጥላ ሥር አጎዛው ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቹ የፊደል ገበታቸውን ይዘው ዙሪያዎን ከበው። ለንና ሰን እያምታታ ሁልጊዜ የሚያለቅሰውን ልጅ ያስታውሱታል? እጁን ይይዙና ስንጥሩን ከጣቶቹ ጋር አንድ ላይ ጨብጠው ፊደሉን ያስነኩት ነበር። ዛሬም ለ፣ ነገም ለ። አባቱ መጥቶ «ልጄ መቼ ነው ዳዊት የሚደግመው?» ሲልዎ «ሀ ሳይለይ ለ የለም፤ ለ ሳይለይ ዳዊት የለም» አሉት። መልእክተ ዮሐንስ ላይ ሲደርሱም በአንዴ አያስነብቧቸውም። መጀመሪያ በግእዝ፣ ፊደል በፊደል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፤ ከዚያ በቁም ንባብ። ያው ገጽ ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ ይመለሱበታል። ልጅ ሆኜ ይህ መዘግየት ይሰለቸኝ ነበር።

በማግስቱ ድምፅ ማጉያውን ዘጋሁት። ሰባቱን በሰፊው አቆምኳቸውና እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ አልኳቸው፤ እጅ ነፃ ከሆነ ትከሻ የሚሠራውን ሥራ ይቀማዋል። ከዚያ የቀኝ ትከሻ ብቻ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። አንገት የለም፣ እግር የለም፣ ዝላይ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ። በሚቀጥለው ቀን ግራውን፤ በሦስተኛው ቀን እያፈራረቁ። ይህ የእኔ ግእዝ ነው። ውርዱ በጭብጨባ ነው፤ ችክችካ የምንለው የዘፈኑ ስልት ስድስት ምት ስለሆነ ሦስት ሦስት አድርገን እየቆጠርን እናጨበጭባለን። ከበሮው ከዚያ በኋላ በዝግታ ይገባል። ዘፈኑን የምከፍተው ትከሻው ራሱ ምቱን ሲጠይቅ ነው።

ትንፋሹን ደግሞ ሳላስበው ነው ያገኘሁት። እኛ ስንመታ በጥርሳችን መሀል «እስ፣ እስ» እንላለን። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ተማሪዎቼን «እስ» እያላችሁ ምቱ ስላቸው ግን ትንፋሻቸውን መዋጥ ተዉ፤ ትንፋሹ ሲለቀቅ ትከሻውም ከጆሮ ሥር ወረደ። «እስክስታ ወረደ» የሚባለውን ሰምቼው የማላውቅ ያህል ሆነብኝ።

ፊት ለፊት ቆሜ ቀኜን ሳነሣ እነሱ ግራቸውን ያነሣሉ። ጀርባዬን ስሰጣቸው ደግሞ የሚሳሳተው ማን እንደሆነ አላይም። ትልቅ መስታወት ውድ ነው፤ ስለዚህ ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ «ቀኝ» እያልኩ በግራዬ መሥራት ተለማመድኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ ነው የለመድኩት። ዝላዩን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ጉልበት ይጎዳል። ምንጣፍ ስገዛ እንጀምራለን።

አንዲት እናት አሉ፤ 50 ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ጉልት ነው የሚሸጡት። ልጃቸው ለጥር ትዳራለች። «በልጄ ሠርግ ተቀምጬ አላይም» ብለው መጡ። ሦስት ሳምንት ትከሻቸው እንቢ አለ። ልጅየውና ስንጥሩ ትዝ አሉኝና «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ፣ ጀርባዎን ልንካ?» አልኳቸው። መዳፌን ጀርባቸው ላይ፣ ሰፊው የትከሻ አጥንት ላይ አድርጌ «ይህን እጄን ይግፉት» አልኩ። ገፉት። ደገሙት። ሥራው የትከሻቸው አልነበረም፤ ከጀርባ ነበር የሚመጣው፣ እኔም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። በማግስቱ መጥተው ጠፋብኝ አሉ። እንደገና መዳፌን አስቀመጥኩ። አሁን አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ለጥር ይደርሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አባዬ፣ የቤተ መቅደሱን ሽብሸባና የሠርጉን እስክስታ አንድ ናቸው አልልም፤ ቦታቸውን አውቃለሁ። ግን እርስዎ ከሊቃውንቱ ጋር ሲቆሙ ደጀ ሰላሙ ጋ ሆኜ አይ ነበር። ያው ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፣ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፣ በመጨረሻ በጭብጨባ ይፈጥናል። ማንም አይቸኩልም። ሰው በዝግታ ተነሥቶ እስከዚያ ድረስ መሞቅ እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን «ልጁ አዝማሪ ሆነች ይሉኛል» ብለው ነበር። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል፤ ስለ እኔ ብቻ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ማሲንቆ የሚመታልን አንድ ሰው አለ፣ አዝማሪ ከአዝማሪ የተወለደ። ተማሪዎቼ ሲደክሙ ሳይነገረው ምቱን ያዘገይላቸዋል። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ አላየሁም። የቃሉን ሥር ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ «ዘመረ» ነው።

ወቀሳ ለመጻፍ ግን አልተነሣሁም። የምጠይቅዎት አለኝ፣ ከእርስዎ በቀር የምጠይቀውም ሰው የለኝም። ከሰባቱ ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ያሳየኋቸውን ወዲያው ይይዙታል። እነሱን ይዤ ስሮጥ እትዬ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ እትዬን ስጠብቅ እነሱ ሰዓታቸውን ያያሉ። እርስዎ ትልልቆቹን ልጆች ትንንሾቹን እንዲያስቆጥሩ ያደርጉ ነበር። ለመሆኑ መቼ ነበር የሚያስጀምሯቸው? ራሳቸው በደንብ ከቻሉ በኋላ ነው ወይስ ገና እየተማሩ? የሚያስቆጥረው ልጅ ሲሳሳት እዚያው ያርሙት ነበር ወይስ ብቻውን ሲሆን? እህቴ መልሱን ትጻፍልኝ፤ «አሳጥሪው» እንዳይሏት።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ቢመጡ ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ትምህርቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። መግባት ካልፈለጉ ዘንባባው ሥር ወንበር አወጣልዎታለሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጭብጨባው ይሰማል። ሦስት ሦስት እየቆጠርን ነው፤ የተሳሳተውን ከውጭ ሆነው ይለዩታል።

ጠብታውን አይርሱ።

ልጅዎ