ካርቦኑን ብረቱ ወስዶታል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ካርቦን ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የምድር ካርቦን በአየር፣ በደንና በባሕር ተከፋፍሎ እንደሚገኝ ጽፋችኋል። ይሄ ሳሎኑን ብቻ አይቶ ቤቱን አየሁ እንደማለት ነው።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። («ጠይብ» እየተባልን ስንሰደብ ነው ያደግነው፤ እሱን ሌላ ቀን።) ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። አባቴ ለስላሳውን ብረት ፍም ውስጥ ቀብሮ ብዙ ሰዓት ያቆየዋል። ከዚያ ቀጥቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቸስ ይላል፤ ማጭዱም ይጠነክራል። «ብረት ከሰል ይበላል» ይለኝ ነበር። እውነቱን እንደሆነ የገባኝ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሰሉ ካርቦን ነው፤ ወደጋለው ብረት ይሰርጋል። መቶ ግራም ብረትን ለማጭድ የሚያበቃው አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ካርቦን ነው።

ምድርም ስትሠራ ብረቱ ካርቦን በልቷል። ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁሉም ነገር ቀልጦ ሳለ ብረቱ ከብዶ ወደ መሃል ሰመጠ፣ ድንጋዩ ከላይ ቀረ። ካርቦን ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ከቀለጠ ድንጋይ ይልቅ የቀለጠ ብረት ውስጥ መግባት ይወዳል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሞክሮ ታይቷል። ስለዚህ ከብረቱ ጋር አብሮ ወረደ። የወረደበት የምድር መሃል፣ እምብርቱ፣ የሚጀምረው 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ስምንት ጊዜ ቢኬድ አይደርስም።

ማን አይቶት? የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ። በሞገዱ ሲለካ እምብርቱ ከንጹሕ ብረትና ኒኬል ቀለል ይላል። የተቀላቀለበት ቀላል ነገር አለ ማለት ነው። ድኝ፣ ሲሊከን፣ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጅን ይጠረጠራሉ፤ ካርቦንም አንዱ ነው። መጠኑ ላይ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ።

እላይ የቀረውም ቢሆን አብዛኛው ድንጋይ ውስጥ ነው። የአባይ በረሃ ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚቃጠለው፣ ካርቦን የታሰረበት ነው። የእኛው የደልቢ የድንጋይ ከሰልም አለ። አምቦ ውሃም ጋዙን ይዞ የሚወጣው ከመሬት ውስጥ ነው። አየሩ ግን ከአሥር ሺህ ሞለኪውሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት አራት ያህሉ ብቻ ናቸው። የዓለም የኖራ ድንጋይ አየሩ ከያዘው ካርቦን በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ይሄን ስል የአየሩ አያሳስብም ማለቴ አይደለም። ትንሽ ስለሆነ እኮ ነው እንዲህ ቶሎ የምንለውጠው።

ከጽሑፉ ጋር ምድርን ለሁለት ቆርጣችሁ ያሳያችሁበት ሥዕል ግን ያምራል። ተማሪዎቼ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። እምብርቱ ላይ «ብረት» ብቻ ስለሚል፣ አጠገቡ በእስክሪብቶ «እና ካርቦን» ብዬ ጨምሬበታለሁ፤ ከጥያቄ ምልክት ጋር።

የቀጥቃጩ ልጅ
ከጅማ