እማዬ፣ የሰኔ ሚካኤል ጽዋ ያንቺ ተራ አይደል?

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ? ይሄን በቴሌግራም ለማሙሽ ነው የምልከው፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነብልሻል። ማሙሽ ደሞ እየዘለልክ እንዳታነብ፣ አውቅሃለሁ።

ባለፈው ስደውል ያልሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። "ቤተስኪያን ከሳምኩ አራት ወር አለፈኝ፣ እግዜርም ረሳኝ መሰለኝ" አልሽ። እንደ ቀልድ ነው ያልሽው ግን ድምፅሽ ቀልድ አልነበረውም። እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ስለ ብርና ስለ መድኃኒት ካልሆነ ማውራት አልችልበትም፣ ታውቂኛለሽ፣ ለዛ ነው የምጽፍልሽ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በዐቢይ ጾም አብራኝ ከምትኖረው ልጅ ጋር ተኮራርፈን ነበር። የቤት ኪራይ ነው ነገሩ፣ 300 ዶላር፣ ማን እንዳጠፋ ልጽፍ ብጀምር እንደገና ስለምናደድ ይቅር። ብቻ አንድ ቤት እየኖርን በቴክስት ነበር የምናወራው፣ "ቆሻሻ ዛሬ ያንቺ ተራ ነው" "እሺ"፣ በቃ። ኪችን ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችን ላይ እናፈጣለን። እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅዳሴ እሷ በመኪናዋ እኔ በአውቶቡስ፣ ለዛውም በዛ ብርድ (የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ)። እጸልያለሁ ግን ጸሎቴ ከአፌ አልፎ የሚሄድ አይመስለኝም፣ እኔም እንዳንቺው እግዜር ረሳኝ ብዬ ነበር።

አንድ እሁድ ታዲያ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል፣ ያው ሁሉም ግራና ቀኝ ዞሮ እጅ ይነሳሳ የለ፣ ወደ ቀኝ ዞር ስል እሷ ናት። በሴቶች በኩል ጥቅጥቅ ብሎ ስለነበር፣ ነጠላዋንም ስለተከናነበች፣ ሳላያት አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንገቴ እምቢ አለኝ እማ። በግራ በኩል ለማላውቃቸው እናት ጎንበስ ብዬ ለሷ ሳልል ቀረሁ፣ ከዛ በኋላ ቅዳሴው እስኪያልቅ ምን እንደተባለ አልሰማሁም።

ቆሜ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ፣ የጎመንሽ ነገር! የጎረቤታችን ዶሮዎች ጎመንሽን ጭረው ጨርሰውት ሦስት ወር ያልተነጋገራችሁ ጊዜ። የሕዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ተቀድቶ ሁሉም ሲጠብቅ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ተነስተው "እነዚህ ሁለቱ ሳይታረቁ ጽዋው አይዞርም" አሉ። ቄሱም መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል ወንጌሉ አሉ። አንቺ ንቅንቅ አላልሽም፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜ በቃ ዛሬ ዳቦ ላንበላ ነው ብዬ ነበር። ከዛ ድንገት ተነስተሽ ጉልበቷ ላይ ወደቅሽ፣ እሷም አንቺ ላይ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ተላቀሳችሁ። ማታ ደግሞ እቃ እያጠብሽ "ቤቱ ዛሬ ሰፋብኝ" አልሽኝ። ያኔ ምን ማለትሽ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ያን እሁድ ማታ ሽሮ ሰርቼ በሯን አንኳኳሁ። "በላሽ?" አልኳት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ለካ እናቷ አገር ቤት በጠና ታመውባት ኖሯል። ከግድግዳው ወዲያ ሌሊት ድምፅ ስሰማ ስልክ እያወራች መስሎኝ "ቀንሺው፣ ጠዋት ስራ አለብኝ" ብዬ ቴክስት ልኬላታለሁ እኮ፣ ለካ እያለቀሰች ነው። እማዬ እንዴት እንዳፈርኩ! ሽሮው ቀዝቅዞ፣ ሁለታችንም ተነፋርቀን፣ በመጨረሻ ቆመን አባታችን ሆይ አልን፣ ለእናቷ፣ ለጉልበትሽም። ያኔ እግዜር እዛችው ጠባብ ኪችን ውስጥ ከኛ ጋር የቆመ ነው የመሰለኝ፣ በስንት እሁድ ያጣሁት። ቤቱ ሰፋብኝ ያልሽው ገባኝ።

እና አሁን ልጠይቅሽ፣ ያቺ የዶሮዎቹ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ጠበል ይዛልሽ ትመጣ የለ? እሷም እኮ አርጅታለች፣ ያንን ዳገት ወጥታ። እግዜር ረሳኝ ስትዪ ጠበሉን ማን የላከልሽ መስሎሽ ነው? ያየውን ወንድሙን ሳይወድ ያላየውን እግዚአብሔር እንዴት ይወዳል የሚለውን እኔ ኋላ ነው ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ያየሁት ጓዳሽ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የሰኔ ሚካኤልን "ተራዬን ለሌላ ስጡ" ማለቱን ተይው። መሄድ ካልቻልሽ ማኅበሩ ይምጣልሽ። ጠላውን ጎረቤታችን ትጥመቀው፣ ለስንዴውና ለጌሾው ብር እልካለሁ፣ ልጅቷም 50 ዶላር ጨምራለች (እናቷ ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን)። አንቺ ተቀምጠሽ ተቀበያቸው፣ አለቀ። እናንተ ጋ 9 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ገና ጠዋት ነው፣ ከስራ በፊት ስለምደርስ ስልኩን ስፒከር ላይ አርጋችሁ መሃላችሁ አስቀምጡልኝ፣ ጽዋው ሲዞር ልስማ። ከዳቦው ደግሞ ለማሙሽ እንደ ድሮው በነጠላሽ ጫፍ ቋጥሪለት።

ማሙሽ፣ የዛን ቀን ስልኩን ቻርጅ አድርገህ ጠብቀኝ።